ጥይት፣ ቀለሃና አረር፦ ስለ ጥይት አሞላል ሙያ ቃላት አመዳደብ

የአንድ ሙያ የቃላት ችግር ጎልቶ የሚታየው ሙያው ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲሻገር ነው። ባለሙያው በእጁ ዳስሶ፣ በዐይኑ አይቶ የሚለየውን ነገር ተርጓሚው በቃል ብቻ መለየት ይኖርበታል። ቃል ያነሰው እንደ ሆነ ነገሮቹ ይደባለቁበታል፤ አንባቢውም ከእርሱ ጋር ይሳሳታል። በዚህ ጽሑፍ ለምሳሌነት የመረጥነው ሙያ፣ ተተኩሶ የወደቀ የጠመንጃ ቀለሃን ሰብስቦ፣ ልኩን መልሶ ወይም ቅርጹን ለውጦ፣ እንደገና በቤት ውስጥ የመሙላት ሥራ ነው።

ሥራው በይበልጥ የሚታወቀው በአሜሪካ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት በሜዳ የሚውሉ ጎሽ አዳኞች የተኮሱበትን ቀለሃ ሳይጥሉ መልሰው ይሞሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1884 ጆን ባርሎ በኮኔቲከት ያቋቋመው አይዲያል የተባለው ድርጅት የእጅ መሙያ መሣሪያዎችን ለገበያ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1943 ደግሞ ፍሬድ ሀንቲንግተን በካሊፎርኒያ ያቋቋመው አር ሲ ቢ ኤስ ሥራውን የጀመረው፣ ከተተኮሱ ትንንሽ ቀለሃዎች የአረር ልባስ ለመሥራት በሚያገለግል መሣሪያ ነበር። በዚያ አገር ሥራው ዛሬም ከቤት ጓዳ የማይወጣ፣ የራሱ መጻሕፍትና የራሱ ቋንቋ ያለው ሙያ ነው። በአገራችን የጦር መሣሪያ ነገር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ስለ ሆነ፣ ጥይት መሙላት ማንም በቤቱ የሚይዘው ሥራ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ሥራውን ማስተማር ሳይሆን ቃላቱን መለየት ነው።

ይህን ጉዳይ እንድናነሣ ምክንያት የሆነን ለአስተያየት የቀረበልን አንድ የትርጉም ረቂቅ ነው። ተርጓሚው ትጉህና አማርኛው የጠራ ሰው ነው። ሆኖም በረቂቁ ውስጥ «ጥይቱ በጥይቱ አፍ ሲገባ ጥይቱ ተሞላ ይባላል» የሚል ዐረፍተ ነገር አገኘን። ሰዋስዉ አልተጓደለም፤ ስሕተቱ ግን ከባድ ነው። የመጀመሪያው «ጥይት» ከአፈሙዝ ወጥቶ የሚበረው አካል ነው፤ ሁለተኛው ባሩዱን የሚይዘው የናስ ዕቃ ነው፤ ሦስተኛው ሁለቱን አንድ አድርጎ የያዘው ሙሉው ነገር ነው። ምንጩ ሦስት የተለያዩ ቃላት የተጠቀመበትን ሐሳብ፣ አማርኛው በአንድ ቃል ሦስት ጊዜ አለፈው።

አንድ ስም ለብዙ አካል

«ጥይት» በዕለት ተዕለት ንግግር ሰፊ ቃል ነው። በዝናር የተደረደረው ጥይት ነው፤ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ የተገኘውም ጥይት ነው፤ ሐኪም ከቆሰለ ሰው ገላ የሚያወጣውም ጥይት ነው። ንግግሩ በሚካሄድበት ቦታ ሁኔታው ትርጉሙን ስለሚያስረዳ ችግር አይፈጠርም። የቆሰለው ሰው ገላ ውስጥ ቀለሃ እንደማይገኝ ሁሉም ያውቃል። በሙያ ጽሑፍ ግን ሁኔታው ሊረዳን አይችልም፤ ክፍሎቹ ተለያይተው በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡበት ሥራ ነውና።

አንድ ሙሉ ጥይት አራት ክፍሎች አሉት። አንደኛው የናስ ዕቃው ነው። ለዚህ «ቀለሃ» የሚል የታወቀ ቃል አለን፤ ሌላ ቃል መፈለግ አያሻም። ሁለተኛው የሚነደው ዱቄት ነው፤ ይህም በዐረብኛው መንገድ የገባልን «ባሩድ» ነው። ሦስተኛው ተወርዋሪው አካል ነው። ለዚህ የምንመርጠው «አረር» የሚለውን ነባር ቃል ነው። አራተኛው በቀለሃው ግርጌ ተቀምጦ፣ በመምቻ መርፌ ሲመታ እሳት የሚሰጠው ትንሽ ክፍል ነው፤ ስለ ስሙ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

«አረር» በመጀመሪያ የእርሳስ ስም ነው። ዛሬ አብዛኛው የጠመንጃ አረር ውስጡ እርሳስ ሆኖ ላዩ በመዳብ ልባስ የተሸፈነ ነው፤ ከናካቴው እርሳስ የሌለበትም አለ። ታዲያ የመዳብን አካል በእርሳስ ስም መጥራት ተገቢ ነውን? ተገቢ ነው እንላለን። ቃል ከቁሱ ተነሥቶ ወደ ተግባሩ መሻገሩ በጦር መሣሪያ ስሞች የተለመደ ነው። «ነፍጥ» የሚለው ቃል ራሱ ከዐረብኛው የሚነድ ዘይት ስም ተነሥቶ ለጠመንጃ መጠሪያ ሆኗል፤ ዛሬ ነፍጥ ሲል ዘይት የሚታየው ሰው የለም። «አረር»ም እንዲሁ የተወርዋሪው ስም ሆኖ ይጽና።

ይህ መለያየት ለምን እንደሚያስፈልግ ከሕግ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። የአሜሪካ ፌደራል ሕግ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ከወጣው የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ጀምሮ፣ ‹አሚዩኒሽን› የሚለውን ቃል ሲተረጉም ሙሉውን ጥይት ብቻ አይደለም የሚጠቅሰው፤ ቀለሃውን፣ እሳት ሰጪውን ክፍል፣ አረሩንና ባሩዱን ለየብቻቸው ይዘረዝራል። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 የጸደቀው የጦር መሣሪያዎች ፕሮቶኮልም ሙሉውን ጥይትና ክፍሎቹን በትርጓሜው ያካትታል፤ ክፍሎቹ ግን በየአገሩ ፈቃድ የሚያስፈልጋቸው ሲሆኑ ነው። እነዚህን አንቀጾች «ጥይት» በሚለው ቃል ብቻ የሚተረጉም ሰው «ጥይት ማለት ጥይት፣ የጥይት ጥይት…» ከማለት ሌላ መውጫ አያገኝም። በአሜሪካ ፍርድ ቤት ለአማርኛ ተናጋሪ የሚያስተረጉም ባለሙያ ይህ ቀልድ አይሆንለትም። ተከሳሹ «ጥይት ነበረህ?» ተብሎ ሲጠየቅ «አልነበረኝም» ይላል፤ በጓዳው የተገኘው ግን ባዶ ቀለሃና አረር ነው። ሰውየው በራሱ ቋንቋ እውነቱን ተናግሯል፤ በሕጉ ቋንቋ ግን የሰጠው መልስ ሌላ ነው። በሁለቱ መካከል የቆመው አስተርጓሚ ነውና ቃላቱን አስቀድሞ ለይቶ መያዝ ይገባዋል።

ራስ የት ነው?

የቀለሃ ክፍሎች በብዙ ቋንቋ በሰው ገላ አምሳል ይጠራሉ። እንግሊዝኛው አረሩ የሚገባበትን ጠርዝ አፍ፣ ከእርሱ በታች ያለውን ጠባብ ክፍል አንገት፣ አንገቱ ወደ ሰፊው አካል የሚወርድበትን ተዳፋት ትከሻ ይለዋል። እስከዚህ ድረስ አማርኛው ያለ ችግር ይከተላል፤ እንስራና ጋን አፍና አንገት ያላቸው አገር ነው። ችግሩ የሚመጣው ከታች ነው። እንግሊዝኛው የቀለሃውን ታች፣ እሳት ሰጪው የሚቀመጥበትን ወፍራም ክፍል «ራስ» ብሎ ይጠራዋል። አንገትና ትከሻ ላይ፣ ራስ ግን እግር ላይ ሆነ ማለት ነው!

ይህን በቀጥታ ወደ አማርኛ ያመጣ ሰው አንባቢውን ያሳስተዋል። «ራሱን እሳት እንዳያገኘው» የሚል ማስጠንቀቂያ ያነበበ አማርኛ ተናጋሪ፣ ራስ ያለው ከላይ ነው ብሎ አፉን ከእሳት ሲጠብቅ ታቹን ሊያጋልጥ ይችላል። ፈረንሳይኛ ‹ኪዩሎ›፣ ጀርመንኛም ‹ሁልዘንቦደን› በማለት የዕቃ ታች ወይም ወለል የሚል ስም ሰጥተውታል። እኛም ከእነርሱ ጋር እንስማማለን። ለሸክላ ዕቃ ታች ሕዝቡ የሚጠቀምበት ቃል በመዝገብ ውስጥ ሻካራ ሊመስል ስለሚችል «ግርጌ» የሚለውን እንመርጣለን። ራስጌና ግርጌ በአልጋ ላይ የማይምታቱ እንደ ሆኑ ሁሉ በቀለሃም ላይ አይምታቱም። በግርጌው ዙሪያ ወጣ ብሎ የሚታየውን ክብ ጠርዝ «ከንፈር» ከማለት ይልቅ «የግርጌ ጠርዝ» እንበል፤ ከንፈር ካልን አንባቢው ተመልሶ ወደ አፉ ይሄዳልና።

ማጉረስና መሙላት

እንግሊዝኛ ጠመንጃን ማዘጋጀትንም ጥይትን መሥራትንም በአንድ ግሥ፣ ‹ሎድ› በሚለው ይገልጻል። በዚህ ረገድ አማርኛው ከእንግሊዝኛው የበለጠ ሀብታም ነው። ጥይት ወደ ጠመንጃ ሲገባ «አጎረሰ» እንላለን። በገበታ ላይ ለምናከብረው ሰው ጉርሻ እንደምናቀርብ፣ ጠመንጃም በአፉ ይጎርሳል። ባሩድ ወደ ቀለሃ ሲገባ ግን «ሞላ» ነው። የምንጩ ቃል አንድ ስለ ሆነ ብቻ ሁለቱን የቀላቀለ ተርጓሚ ከቋንቋው ሀብት ይቀንሳል።

‹ሃንድሎዲንግ› የሚለውን «በእጅ ማጉረስ» ብሎ መተርጎም ስለዚህ ስሕተት ነው፤ ጠመንጃን በእጅ ማጉረስ ማንኛውም ወታደር የሚያደርገው ነገር ነው። ትክክለኛው «የእጅ አሞላል» ወይም «ጥይት መሙላት» ነው። ‹ሪሎዲንግ› የሚለው ደግሞ ከተተኮሰ ቀለሃ ጋር የተያያዘ ሲሆን «ዳግም መሙላት» ይባል። በአዲስ ቀለሃ የሚሠራ ሰው ጥይት ይሞላል እንጂ ዳግም አይሞላም።

ናስ፣ ነሐስ፣ መዳብ

የቀለሃ ብረት በመቶ 70 እጅ መዳብና በመቶ 30 እጅ ዚንክ ነው። «ናስ» የሚለው ቃል ከጥንቱ «ነሐስ» የወጣ ስለ ሆነ በብዙ ጽሑፍ ሁለቱ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። የቃሉን ታሪክ ለሚመረምር ይህ ትክክል ነው። ለሙያ ቃል ግን አንድ ሥር የወለዳቸውን ሁለት ቅርጾች ለሁለት ነገር ማከፋፈል የተፈቀደና ጠቃሚ ዘዴ ነው። መዳብና ዚንክ ሲቀላቀሉ ናስ፣ መዳብና ቆርቆሮ ሲቀላቀሉ ነሐስ ይባል። ቀለሃ እንግዲህ የናስ እንጂ የነሐስ አይደለም።

ሌላው ወጥመድ፣ በሙያው እንግሊዝኛ «ናስ» የሚለው ቃል ቀለሃን ራሱን የሚያመለክት መሆኑ ነው። «ናስ ሰበሰብሁ» ሲሉ ቀለሃ ለቀምሁ ማለታቸው ነው። «የናስ ቅርጽ መለወጥ» ብሎ በቁሙ የሚተረጉም ሰው አንባቢውን ወደ ብረት ማቅለጫ ይወስደዋል፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ግን ምንም የሚቀልጥ ናስ የለም። ስለዚህ ምንጩ ናስ ባለበት ሁሉ፣ ነገሩ ዕቃው ከሆነ፣ አማርኛው ቀለሃ ይበል።

ናስ ሲቀጠቀጥ፣ ሲጠብና ሲሰፋ እየጠነከረ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። ይህን ለመከላከል የቀለሃው አንገትና ትከሻ በእሳት ሙቀት ጥንካሬውን እንዲተው ይደረጋል፤ ግርጌው ግን ከሙቀቱ ይጠበቃል፤ የጋዙን ግፊት የሚሸከመው እርሱ ነውና መላላት የለበትም። ለዚህ ተግባር ‹አኒሊንግ› ለሚለው ሦስት አማራጮች መርምረናል። «ማለስለስ» ሸካራውን ማስተካከል ማለት ስለሚሆን ከማወልወል ጋር ይምታታል። «ማቅለጥ» ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። «ማለዘብ» ግን የጠነከረን ነገር፣ ቅርጹን ሳያጣ፣ ጥንካሬውን ብቻ ማስተው ስለ ሆነ ተስማሚ ሆኖ አግኝተነዋል። ሰውም ሲቆጣ ቆይቶ ይለዝባል፤ ሰውነቱን ግን አይለውጥም።

ቅርጽ ሲለወጥ ስም ይቀራል

አሁን ወደ ሥራው ዋና ክፍል ደርሰናል። የተተኮሰ ቀለሃ በጠመንጃው ውስጥ ተለጥጦ ይወጣል፤ እንደገና እንዲያገለግል ጠንካራ በሆነ የብረት ዕቃ ውስጥ በኀይል ተገፍቶ ወደ ቀድሞ መጠኑ ይመለሳል። ይህ «ልክ መመለስ» ነው። ቀለሃው ወደ ሌላ የጥይት ዐይነት ሲሸጋገር ግን «ቅርጽ መለወጥ» ነው። ሁለቱ በአንድ ዐይነት መሣሪያ ቢሠሩም ዓላማቸው የተለያየ ነውና ስማቸውም ይለይ። መሣሪያው በእንግሊዝኛ ‹ዳይ› ይባላል፤ ለቀለጠ ብረት ከሚሆነው ቅርጽ ማውጫ ጋር እንዳይምታታ፣ ለመጀመሪያው «ልክ መመለሻ»፣ ለሁለተኛው «ቅርጽ መለወጫ» እንላለን። የሚገፋውን ማሽን ጋራዦቻችን «ፕሬስ» ብለው ለምደውታልና ሌላ ስም አንፈልግለትም።

ቀላል ምሳሌ እንውሰድ። የአሜሪካኑ 30-06 ስፕሪንግፊልድ ቀለሃ ርዝመቱ 63 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ የጀርመኑ 7.92×57 ማውዘር ደግሞ 57 ሚሊሜትር ነው። የሁለቱ ግርጌ ስፋት፣ 12 ሚሊሜትር ያህል፣ አንድ ነው። ስለዚህ የቆየ የጀርመን ጠመንጃ ያለው ሰው የ30-06ን ቀለሃ በጀርመኑ ቅርጽ መለወጫ ውስጥ ገፍቶ ትከሻውን ወደ ታች ያወርዳል፤ የተረፈውን ይከረክማል፤ አፉን ያሰፋል፤ አንገቱ ከመጠን በላይ እንዳይወፍር ይለካል። በተመሳሳይ መንገድ የብሪታንያኑ ስናይደርና ማርቲኒ ሄንሪ ጠመንጃዎች ባለቤቶች ቀለሃቸውን ከ24 ቁጥር የናስ የአደን ጠመንጃ ቀለሃ ያወጣሉ። ስናይደር እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የብሪታንያ ሠራዊት የያዘው ጠመንጃ ሲሆን፣ አማርኛ «ሰናድር» ብሎ ተቀብሎታል፤ የፈረንሳዩን ‹ፊዚል ግራ› «ውጅግራ»፣ የቤልጅጉንም «ቤልጅግ» እንዳለው ሁሉ። የጠመንጃዎቹን ስም ከውጭ ወስደን ለክፍሎቻቸው ግን ሰደፍ፣ አፈሙዝ፣ ቃታና ምላጭ ማለታችን፣ ሕዝቡ ያለ አካዳሚ ምክር ያደረገው ብልህ የቃላት አመዳደብ ነው።

በዚህ ቦታ ተርጓሚ ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ቁጥሮቹ ናቸው። ቁጥር ከቋንቋ ቋንቋ ያለ ትርጉም የሚያልፍ ይመስላል፤ እዚህ ግን አንድ ዐይነት ትርጉም የለውም። በ30-06 ውስጥ 30 የአፈሙዝ ስፋት በኢንች መቶኛ ሲሆን 06 ዓመተ ምሕረት ነው፤ 1906 ማለት ነው። በ45-70 ውስጥ ግን 70 ዓመት ሳይሆን የጥቁር ባሩድ መጠን ነው። በ577/450 ውስጥ ሁለተኛው ቁጥር የአፉን መጥበብ ያመለክታል፤ በ577 መጠን የተሠራ ቀለሃ አንገቱ ወደ 450 ጠበበ ማለት ነው። በ7.92×57 ውስጥ 57 የቀለሃው ርዝመት ነው፤ 7.92 ግን የአረሩ ስፋት አይደለም፤ አረሩ 8.2 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ 7.92 የሚለካው በአፈሙዙ ውስጥ ከጠመዝማዛዎቹ ጉብታዎች መካከል ነውና። ስለዚህ እነዚህ ቁጥሮች ልኬት ሳይሆኑ ስሞች ናቸው። ተርጓሚ ኢንቹን ወደ ሚሊሜትር ልለውጥ ብሎ አንዱን እንኳ መንካት የለበትም፤ የሰው ስም እንደማይተረጎም ሁሉ።

ሁለተኛው በግርጌው ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንዲሉ፣ የቀለሃው ስም ከቅርጹ በላይ ይኖራል። በ7.92×57 ልክ የተሠራው ቀለሃ ግርጌው ሲነበብ ዛሬም 30-06 ይላል። ለሥነ ልሳን ሰው ይህ የታወቀ ነገር ነው፤ ትርጉሙ ተለውጦ ፊደሉ እንደ ነበረ የቀረ ቃል በያንዳንዱ መዝገበ ቃላት ገጽ ይገኛል። ልዩነቱ እዚህ ውጤቱ የሰው ዐይንና እጅ መሆኑ ነው። ከ5.56×45 ቀለሃ ተቆርጦ ወደ 35 ሚሊሜትር ያህል የሚያጥረው 300 ብላክአውት፣ በአሜሪካ የጥይት አምራቾች የመመዘኛ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 የታወቀ ጥይት ነው። ግርጌው ግን ብዙ ጊዜ የቀድሞውን ስም ይዞ ይቀራል፤ ሰፊ አረር የያዘው ይህ ጥይት በ5.56 ጠመንጃ ውስጥ ተጎርሶ ቢተኮስ ጠመንጃው ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ የሙያው ሥርዓት፣ ቅርጹ የተለወጠ ቀለሃ በሳጥኑ ላይ አዲሱ ስሙ እንዲጻፍበት ያዝዛል። «የግርጌ ጽሑፍ» የሚለው ቃል በትርጉማችን ውስጥ ከ«የጥይቱ ዐይነት» ተለይቶ መቆም ያለበት ስለዚህ ነው።

በማንም የመመዘኛ ተቋም ያልጸደቀ፣ በግለሰቦች የተፈጠረ የጥይት ዐይነት በእንግሊዝኛ «የዱር ድመት» በሚል ስም ይጠራል። በአማርኛ የዱር ድመት አውሬ ነው፤ ስለ ጥይት ምንም አይነግረንም። «ያልጸደቀ ዐይነት» ብንል ምስሉ ይቀርብናል፤ ሐሳቡ ግን ይደርሰናል።

ለኳሽና መስፍ

በግርጌው የሚቀመጠው እሳት ሰጪ ክፍል በእንግሊዝኛ ‹ፕራይመር› ይባላል፤ ይኸው ቃል የመጀመሪያ ቀለምና የፊደል መማሪያ መጽሐፍም ስም ነው። ፈረንሳይኛ ‹አሞርስ› ሲል የዓሣ ማጥመጃ ምግብንም በዚሁ ቃል ይጠራል፤ ጀርመንኛ ደግሞ «የእሳት ባርኔጣ» የሚል ደስ የሚል ስም ሰጥቶታል። እኛ «አቀጣጣይ»ንና «ለኳሽ»ን አነጻጽረናል። ማቀጣጠል የተጀመረን እሳት ማስፋት ሊሆን ይችላል፤ መለኮስ ግን እሳት በሌለበት እሳት ማስጀመር ነው። የዚህ ክፍል ተግባርም ይኸው ነውና «ለኳሽ» ተመራጭ ነው።

ለኳሹ የሚፈነዳው በመምቻ መርፌውና ከውስጥ በሚቋቋመው ትንሽ ብረት መካከል ሲጨፈለቅ ነው። ይህን ብረት እንግሊዝኛው በቀጥቃጭ መሣሪያ ስም ይጠራዋል። አማርኛም ለዚያው መሣሪያ «መስፍ» የሚል ጥንታዊ ቃል አለውና ምሳሌው በሁለቱ ቋንቋዎች በእኩል ይሠራል፤ ተርጓሚ ሊለቀው አይገባም። መስፉ የት ነው የሚለው ጥያቄ ለዳግም መሙላት ወሳኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1866 እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ቦክሰርና አሜሪካዊው ሃይረም በርዳን ሁለት የተለያዩ ስልቶችን አቀረቡ። በቦክሰር ስልት መስፉ የለኳሹ አካል ሲሆን ቀለሃው በመካከሉ አንድ ቀዳዳ ብቻ አለው፤ ያገለገለውን ለኳሽ በዚያ ቀዳዳ በመርፌ ገፍቶ ማውጣት ቀላል ነው። በበርዳን ስልት መስፉ የቀለሃው አካል ሲሆን፣ ቀዳዳዎቹ ዘወትር ሁለት ሆነው ከመስፉ ግራና ቀኝ ይገኛሉ፤ በመካከሉ መርፌ የገፋ ሰው መስፉን ይመታል። ታሪክ ሲቀልድ የእንግሊዛዊው ስልት በአሜሪካ፣ የአሜሪካዊውም በአውሮፓ ተስፋፋ። ስለዚህ «የአሜሪካ ለኳሽ»፣ «የአውሮፓ ለኳሽ» እያሉ መጻፍ አሳሳች ነው፤ የፈልሳፊዎቹ ስም እንዳለ ይቀመጥ።

የአንድ ፊደል ልዩነት

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን የሚዛን ቃል ነው። በዚህ ሙያ ባሩድም አረርም የሚመዘነው በ‹ግሬን› ነው። ቃሉ በመነሻው የገብስ ፍሬ ሲሆን፣ 7000 ግሬን አንድ ፓውንድ፣ አንድ ግሬንም 0.0648 ግራም ነው። በጠቀስነው ረቂቅ ውስጥ ተርጓሚው አንዳንድ ቦታ «ፍሬ»፣ አንዳንድ ቦታ «ቅንጣት»፣ በሌላ ቦታ ደግሞ «ግ.» ብሎ ጽፎት አገኘነው። ባሩድ በተፈጥሮው ቅንጣት ቅንጣት ስለ ሆነ «5 ቅንጣት ባሩድ» የሚለውን ያነበበ ሰው ቆጥሮ ሊያስቀምጥ ይችላል። «5 ግ.» ያለውን ያነበበ ደግሞ ግራም ነው ይላል። 5 ግሬን 0.32 ግራም ነው፤ 5 ግራም ግን ከ77 ግሬን ይበልጣል። ልዩነቱ ከ15 እጥፍ በላይ ነው። በዚህ ሥራ ከታዘዘው ጥቂት ማለፍ እንኳ ጠመንጃን ይሰብራል።

በእኛ ፊደል «ግሬን» እና «ግራም» በመጀመሪያው ፊደል አንድ ናቸው፤ አሕጽሮት የሚጀምረውም ከዚያው ፊደል ነው። ስለዚህ ያለ ማወላወል የምናሳስበው ይህን ነው፤ ‹ግሬን› አይተርጎም፣ አይታጠር፣ ዘወትር በሙሉ ይጻፍ፤ በመጀመሪያው መጠቀሻም ላይ በግራም ያለው መጠን አብሮ ይሰጥ። የባሩድ ቅንጣት ስለ ቅርጹ ሲነገር ብቻ «ቅንጣት» ይባል። ባሩድም «ጥቁር ባሩድ» እና «ጭስ አልባ ባሩድ» ተብሎ ሳይለይ አይጻፍ። እ.ኤ.አ. በ1884 ፈረንሳዊው ፖል ቪዬል የፈለሰፈው ጭስ አልባ ባሩድ ከጥቁሩ እጅግ የበረታ ስለ ሆነ፣ ለጥቁር ባሩድ በተሠራ አሮጌ ጠመንጃ ውስጥ አንዱን በሌላው እኩል ሚዛን የተካ ሰው የሚጎዳው ራሱን ነው።

የማረፊያ ርቀት

የመጨረሻው ቃል ባለሙያዎችንም የሚያከራክር ነው። ‹ሄድስፔስ› በቁሙ «የራስ ክፍተት» ነው። ከላይ እንዳልነው ራስ ግርጌ ነው፤ ክፍተቱም በእውነቱ ባዶ ቦታ አይደለም። ትርጉሙ፣ ጠመንጃው ሲዘጋ የቀለሃውን ግርጌ ከሚደግፈው ብረት እስከዚያ ቀለሃው ወደ ፊት እንዳይሄድ እስከሚያቆመው ቦታ ያለው ርቀት ነው። የሚያቆመው ቦታ እንደ ቀለሃው ዐይነት ይለያያል፤ ለአንዱ የግርጌው ጠርዝ፣ ለሌላው ትከሻው፣ አንገት ለሌለውና ጠርዝ ለሌለውም አፉ ነው። ቀለሃው በዚያ ቦታ የሚያርፍ ስለ ሆነ «የማረፊያ ርቀት» ብለነዋል። ይህን «ክፍተት» ብሎ የተረጎመ ሰው «ክፍተቱን ማጥፋት ያስፈልጋል» የሚል መመሪያ ሊጽፍ ይችላል፤ የሚያስፈልገው ግን ርቀቱን ከቀለሃው ልክ ጋር ማስማማት ነው። ቀለሃው በልክ መመለሻው ውስጥ ከመጠን በላይ ተገፍቶ ትከሻው ከወረደ፣ ሲተኮስ ተለጥጦ በግርጌው አጠገብ ሊበጠስና ጋዙ ወደ ተኳሹ ሊመለስ ይችላል።

የቀረቡ ቃላት

ጥይት፦ ቀለሃ፣ ለኳሽ፣ ባሩድና አረር ተገጣጥመው የሚሆኑት ሙሉ አካል፤ ለክፍሎቹ ለየብቻ አይነገርም።

ቀለሃ፦ ባሩዱን፣ ለኳሹንና አረሩን የሚይዝ የናስ ዕቃ፤ ክፍሎቹ አፍ፣ አንገት፣ ትከሻ፣ አካልና ግርጌ ናቸው።

አረር፦ ከአፈሙዝ የሚወጣው ተወርዋሪ።

ለኳሽ፦ ሲመታ ባሩዱን የሚለኩስ ክፍል፤ መስፍ፦ ለኳሹ የሚጨፈለቅበት ብረት።

ማጉረስ፦ ጥይትን ወደ ጠመንጃ ማስገባት፤ መሙላት፦ ጥይትን መሥራት፤ ዳግም መሙላት፦ በተተኮሰ ቀለሃ ጥይት መሥራት።

ልክ መመለስ፦ የተለጠጠ ቀለሃን ወደ ቀድሞ መጠኑ ማምጣት፤ ቅርጽ መለወጥ፦ ቀለሃን ወደ ሌላ የጥይት ዐይነት ማሸጋገር።

ማለዘብ፦ የናስን ጥንካሬ በሙቀት ማስተው።

የግርጌ ጽሑፍ፦ በቀለሃው ግርጌ የተቀረጸ ስምና ቁጥር።

የማረፊያ ርቀት፦ ከግርጌው ድጋፍ እስከ ቀለሃው ማቆሚያ ያለ ርቀት።

ግሬን፦ 0.0648 ግራም፤ አይታጠርም።

ካቀረብናቸው ቃላት አብዛኞቹ አዲስ አይደሉም። ቀለሃ፣ አረር፣ መስፍ፣ ማጉረስ፣ ግርጌ በሕዝቡ አፍ የኖሩ ናቸው፤ የእኛ ድርሻ እያንዳንዱን በአንድ ነገር ላይ ማቆም ብቻ ነበር። ለኳሽና የማረፊያ ርቀት ግን ገና በሥራ ያልተፈተኑ ናቸው። በጠመንጃ ጥገና፣ በፍርድ ቤት ወይም በሙዚየም ሥራ ላይ ያሉ አንባቢዎች ከእነዚህ የተሻለ፣ ባለሙያው አስቀድሞ የሚጠቀምበት ቃል ካላቸው፣ የእኛን ትተን የእነርሱን ለመቀበል ዝግጁ ነን።